ሰባት ቤት ቆጥሬ ቅድመ አያቴን አጣኋት

የኛ ሰው ሜሪላንድ ሲገባ ወይ ፓርኪንግ ነው ወይ ሆም ኬር። እኔ ሁለተኛው ደረሰኝ። የማግዛቸው ሴትዮ ሰማንያን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ጉልበታቸው እንጂ ጭንቅላታቸው አልደከመም። ሥራቸው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነው፦ ዘር መቁጠር። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ሳህን ማስቀመጫ የለም፤ ሁሉ ወረቀት ነው። ያረጋገጡትን በእስክሪብቶ፣ ያላረጋገጡትን በእርሳስ ይጽፋሉ።

አንድ ቀን ኪኒናቸውን ስሰጣቸው «የአያትሽ እናት ማን ትባላለች?» አሉኝ።

ይሄማ ምን ይገደኛል! የጎጃም ልጅ ነኝ። አባታችን ማታ ማታ እሳት ዳር አስቀምጦ ሰባት ቤት ያስቆጥረን ነበር፤ የሳተ እራት ይዘገይበታል። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከአባቴ ጀምሬ ሳላቋርጥ ለቀቅኩት። ሴትዮዋ አንድ በአንድ ጻፉ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ሁሉም ወንዶች ናቸው?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ የጠየቅኩሽ የአያትሽን እናት ነው።»

ዝም አልኩ። አያቴን እምዬ ነው የምንላት። እምዬ ደግሞ እናቷን ስታነሳ «እናቴ» ነበር የምትለው፤ ሌላ ምን ትበል? ይባስ ብሎ ወረቀቱን ሳየው ሰባቱን አባቶቼን በእርሳስ ነው የጻፏቸው። «ማስረጃ አለሽ?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩ።

ኩርፊያዬ ሳይበርድ የሳቸውን ነገር አስረዱኝ። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። እስከ 1840 ድረስ ግን በስም የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጅ ቁጥር ናቸው። በ1850 ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ። ባሪያ የተባለው ግን በሌላ መዝገብ፣ በጌታው ስም ሥር፦ ሴት፣ 30 ዓመት፣ ጥቁር። ስም የለም። የሴትዮዋ ቅድመ አያቶች በስማቸው ብቅ የሚሉት በ1870 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ግድግዳ ነው፤ እሳቸውም «ግድግዳው» ነው የሚሉት። የ1890ውማ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ሰበብ ሄዷል። ይሄንን ሲያወሩ ትናንት የተቃጠለ ነው የሚመስሉት።

የራሳቸው ግድግዳ ሲያስመርራቸው ሃሪየት ተብማንን ያነሳሉ። ስሟን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ከባርነት አምልጣ፣ ተመልሳ እየሄደች ሌሎችን ያስመለጠችው ናት። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ዶርቼስተር ካውንቲ ነው የተወለደችው። ሴትዮዋ የሃሪየትን እናት፣ የእናቷን እናት ያውቃሉ። አያቷ ሞደስቲ ከአፍሪካ በመርከብ የመጣች። ልጇ ሪት። የሪት ልጅ አራሚንታ፣ ቤት ውስጥ ሚንቲ የምትባለው፤ ኋላ የእናቷን ስም ወርሳ ሃሪየት ሆነች። ሦስት ሴት፣ አንድ ወንድ ሳይገባበት! ቀናሁ፣ አልዋሽም። ተገዝቶ የተሸጠ ሰው የሴት ዘሩን ሲቆጥር እኔ ባላገሯ፣ የጨዋ ልጅ ነኝ ባይዋ አንዷን አላውቅም።

ባለፈው ሚያዝያ «ንጂኝ» አሉኝና ወደ ዶርቼስተር ሄድን። የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሜዳ፣ ረግረግ፣ ሸምበቆ። የሃሪየት አባት የቤን ሮስ ቤት የነበረበት ቦታ በዚያ ረግረግ ውስጥ በ2021 ነው የታወቀው፤ ቆፋሪዎቹን የሸክላ ስብርባሪና የ1808 ሳንቲም መራቸው ይባላል። ሴትዮዋ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፋይላቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያነቡልኛል፤ እኔ ትንኝ እከላከላለሁ።

ቅናቴ እዚያ መኪና ውስጥ ነው የበረደው። ለካስ ወረቀቱ ሁሉ የዋጋ ወረቀት ነው። ፓቲሰን የሚባል ባለ መሬት በ1791 ሲናዘዝ ሪትን ለልጅ ልጁ አወረሳት፤ «እሷና ርቢዋ» 45 ዓመት እስኪሞላቸው ያገልግሉ ይላል። ርቢዋ! እኛ ለላም የምንለውን። በማርች 1822 ደግሞ ለሪት አዋላጅ 2 ዶላር ተከፍሏል፤ ሃሪየት የተወለደችው ያኔ ነው የሚሉት በዚህ ሒሳብ ነው። በ1849 ስትጠፋ እመቤቷ ጋዜጣ ላይ አወጀች፦ ሚንቲ፣ ዕድሜ 27 ገደማ፣ ቁመት አምስት ጫማ ያህል፣ መልኳ የደስ ደስ ያለው። ከክልሉ ውጭ ከተያዘች ለያዛት 100 ዶላር።

«የእናትየው ስም ለምን በደንብ እንደተያዘ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። የያኔው ሕግ ልጅን ለእናት ነበር የሚሰጠው። አባትየው ቤን የሌላ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ግን የሪት ጌቶች ንብረት ናቸው። ሦስት እህቶቿ ተሸጠዋል። ሊሸጡት ያሰቡትን ደግሞ ማን እንደወለደው መጻፍ ግድ ነው።

ሃሪየት ራሷ ጠበቃ በ5 ዶላር ቀጥራ ያንን ኑዛዜ አስፈልጋለች። እናቷ 45 ሲሞላት ነጻ መውጣት ነበረባት፤ አንድም ሰው አልነገራት። ይሄን ሲያነቡልኝ ሴትዮዋ ድምፃቸው ተቀየረ። ቡና ከፔርሙስ ቀዳሁላቸው።

የሃሪየት ዕድሜም እንደ እምዬ ነው። እሷ ራሷ 1825 ብላለች፣ የሞት ወረቀቷ 1815 ይላል፣ መቃብሯ ላይ 1820 ተቀርጿል። እምዬም ሰው ሲጠይቃት «ጣልያን ሲገባ እንስራ እሸከም ነበር» ነው መልሷ። የትኛውን እንስራ፣ ትልቁን ነው ትንሹን?

ቆሽቴን ያሳረረው ግን የሃሪየት ጡረታ ነው። ሁለተኛ ባሏ ኔልሰን ዴቪስ የእርስ በርሱ ጦርነት ወታደር ነበር፤ በ1888 ሞተ። ሠራዊቱ ውስጥ የተመዘገበው ግን ኔልሰን ቻርልስ ተብሎ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን፣ እሷም ሚስቱ መሆኗን ስታስረዳ ቆይታ በ1895 በወር 8 ዶላር ተፈቀደላት። 20 የሆነላት በ1899 ነው፣ ያውም ምክር ቤት ገብቶ።

እኔ ይሄንን የምሰማው ፓስፖርቴ ላይ ስሜ በአንድ ኤስ፣ የሥራ ፈቃዴ ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ፣ «አንድ ሰው መሆንሽን አስረጂ» ተብዬ ሰባት ወር ከተመላለስኩ በኋላ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፊቴን እያየች «ይሄኛዋ ማናት?» ትለኛለች። እኔ ነኛ! የልደት ቀኔማ ጃንዋሪ 1 ነው፤ እንደ ግማሹ የአገሬ ሰው። በየዓመቱ እንኳን አደረሰሽ የሚለኝ ባንኩ ብቻ ነው። ምክር ቤት የሚገባልኝም የለም።

ከጉዞው ስንመለስ ቤተሰቤን አስጨነቅኩ። መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ላለው አጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የእምዬ እናት ማን ነበር ስሟ?»

ረጅም ዝምታ። ከዚያ «ምን ልታደርጊበት?» አለ። ድምፁ ጠረጠረ። «ርስት ልትጠይቂ ነው እንዴ?»

ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ሳስበው እውነቱን ነው። በኛ አገር ርስት በእናትም በአባትም ነበር የሚወረሰው። መሬት ሊከራከር የተነሳ ሰው የእናቱን እናት እናት እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ዳኛ ፊት ይቆም ነበር። በኛ አቆጣጠር 1967 ላይ መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎቹም አለፉ። ለእኛ የተረፈን የአባቴ እሳት ዳር ያለው የወንዶቹ ሰልፍ ነው። ሴቶቹን ማን ይፈልጋቸዋል፣ ክርክር ከሌለ?

አጎቴ አንድ ስም ሰጠኝ። አክስቴ ደግሞ «እሱ ምን ያውቃል፣ እሱ ያለሽ የሰፈር መጠሪያዋን ነው» ብላ ሌላ ሰጠችኝ። በቫይበሩ ግሩፕ ጦርነት ተነሳ። ያጎት ልጆች ጎራ ለዩ። አንዷ «አሜሪካ ሰው ሥራ የለውም?» ብላ ጻፈች፤ አነበብኩት። ሁለቱንም ስም ለሴትዮዬ ወሰድኩ። ሁለቱንም በእርሳስ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰው ሞተ ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። አክስቴ ናት፤ እዚያ ረፋድ አራት ሰዓት ነው። ፎቶ ልካለች። የእምዬ የቤት ዳዊት፣ ከመጨረሻው ቅጠል ጀርባ። ዘይት የነካው ብራና፣ ጥግ ላይ በቀጭን ብዕር የተጫረ። አጉልቼ አጉልቼ አነበብኩት፦ ይህን ዳዊት ወለተ ኪዳን ለልጇ መማሪያ በ3 ብር ገዛች።

ከአጎቴም ከአክስቴም ስም ጋር አይገጥምም፤ የክርስትና ስሟ ነው። ጠዋት ኪኒና ከመስጠቴ በፊት ስልኬን ዘርግቼ ተረጎምኩላቸው። ሴትዮዋ ቁጥሩ ላይ ጣታቸውን አኑረው ቆዩ።

«ሦስት? የገዛችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

እስክሪብቷቸውን ፍለጋ ወረቀቱን ሁሉ አተራመሱት። ጆሯቸው ላይ ሰክተውት ነበር።