ባልዲ ይዛ ወንዝ ወረደች

በ1579 ዲሴምበር (ቁጥሩ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ካትሪን ሃምሌት የምትባል ሴት ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ ኤቨን ወንዝ ወረደች። አልተመለሰችም። ቦታው እንግሊዝ ነው፣ የሼክስፒር የትውልድ ከተማ ስትራትፎርድ አጠገብ። ስሟ ከአንዱ ተውኔቱ ርዕስ ጋር ስለሚገጥም ምሁራን ብዙ ቀለም ጨርሰውባታል። እኔን የያዘኝ ግን ባልዲው ነው።

ሁለት ወር ሊሞላት ሲል ኮሮነሩ፣ ማለትም ያልታወቀ ሞትን የሚያጣራው ሹም፣ የአካባቢውን ሰዎች ሰብስቦ ነገሩን አጣራ። ድንገተኛ ሞት ነው፣ አዳልጧት ወደቀች፣ ሌላ ምንም የለበትም አሉ። ትልቅ ነገር ነው ያሉት። ራሷን ገደለች ቢባል ኖሮ ንብረቷ ይወረስ፣ የክርስቲያን ቀብርም ይቀርባት ነበር።

ኮሮነር በ1194 የተጀመረ ሹመት ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለሟች አዝኖ የመጣ ሰው አይደለም። የመጣው ለዘውዱ ገንዘብ ነው። መንደሩ ሳይነግረው ሬሳ ከቀበረ ይቀጣል። ሰው ከጀልባ ወድቆ ወንዝ ከበላው ጀልባው ወይም ዋጋው ይወረሳል። ይህ ዲኦዳንድ ይባላል፣ «ለእግዚአብሔር የሚሰጥ» እንደማለት። እግዚአብሔር ጋ ይድረስ አይድረስ እንጃ፣ ንጉሡ ጋ ግን ይደርስ ነበር። የሚገርመው፣ ባሕር ላይ ሕጉ አይሠራም። ጨው ያለበት ውሃ ነፃ ነው!

አፈርሳታን ለሚያውቅ የእኛ ሰው፣ አገሬውን ሰብስቦ ማውጣጣቱ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ግን ሁሉም በላቲን ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ማንም የማያስታውሳቸው ድሆች መዝገብ ላይ ቀሩ። በ1569 ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ጄን ሻክስፒር አበባ ስትለቅም የወፍጮ ኩሬ ውስጥ ገባች። ሌላው ገላውን ሊታጠብ ወርዶ፣ ሌላዋ ልብስ ስታጥብ፣ ሌላው ፈረስ ሲያጠጣ።

ቅሬታዬ «ድንገተኛ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሁሌ ውሃ የሚቀዳበት ዳርቻ፣ ሁሌ የሚያዳልጥ ጭቃ፣ ይሄ ምኑ ድንገት ነው? ሕጉ ዋጋ ያለውን ዕቃ ይጠይቃል። ጀልባ ዋጋ አለው። ጭቃ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዳርቻውን ማን ያስተካክል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ደግሞ ዕቃው በጣም ሲወደድ ምን ሆነ? በ1841 እዚያው እንግሊዝ ሶኒንግ የሚባል ቦታ ላይ ባቡር ሰዎች ሲገድል ኮሮነሩ የሰበሰባቸው ሰዎች 1,000 ፓውንድ ዲኦዳንድ ጣሉ። በ1846 ፓርላማው ዲኦዳንድን ሰረዘው። በዚያው ዓመት የሟች ቤተሰብ ጥፋተኛውን ከሶ ካሳ እንዲጠይቅ ተፈቀደ። ይሄ ደግ ነው፣ አልክድም። ግን የካትሪን ቤተሰብ ማንን ይከስ ነበር? ወንዙን?

ዛሬ የእንግሊዝ ኮሮነር ተመሳሳይ ሞት ሊደገም ይችላል ብሎ ከሰጋ፣ መከላከል ለሚችለው አካል ሪፖርት የመጻፍ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው የደረሰው አካል በ56 ቀን ውስጥ ይመልሳል። «ምንም አላደርግም፣ ምክንያቴም ይኸው» ማለትም መልስ ነው። አጥር እንዲያቆም የማስገደድ ሥልጣን ኮሮነሩ ዛሬም የለውም።