«ቮልዩሙን ቀንሰው» አትበሉኝ!

ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። መብራት የሄደው ማታ እራት ሳንበላ ነው። ሰፈሩ እረጭ ብሏል፣ ውሾቹ እንኳ መጮህ ሰልችቷቸው ተኝተዋል። ድንገት መብራት ይመጣል። መጀመሪያ ፍሪጁ ያጉረመርማል። ወዲያው የእኔ ስፒከር፦ ዱም!

ልጁ እሪ ይላል። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ነገ ካልጣልከው እኔ እጥልልሃለሁ» ትላለች። ከታች ያሉት እማማ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን፣ ማለትም የእኔን ወለል፣ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከአፍታ በኋላ ደግሞ የምጣዳቸው አክንባሎ ሲንኳኳ እሰማለሁ። እሳቸውም ከነቁ አይቀር ብለው መሰለኝ።

ጠዋት ደረጃ ላይ እንገናኛለን።

«ልጄ፣ ሌሊት ምን ወደቀብህ?»

«አምፕሊፋየሩ ነው እማማ፣ መብራት ሲመጣ ይጮሃል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ታዲያ ቮልዩሙን አትቀንሰውም?»

ደሜ የሚፈላው እዚህች ጋ ነው። እማማስ እሺ፣ ከየት ያውቁታል። ግን የሥራ ባልደረባዬም፣ የጥበቃው ልጅም፣ ዕቃውን የሸጠልኝ ሰውም፣ ሁሉም «ቮልዩሙን ቀንሰው»! ወገን፣ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ነው! ፍላሽ አልተሰካም፣ ብሉቱዝ አልተገናኘም፣ ዘፈን የሚባል ነገር የለም። ቮልዩም የሚቀንሰው ወደ ማጉያው፣ ማለትም ወደ አምፕሊፋየሩ፣ የሚገባውን ድምፅ ነው። ይሄ ጩኸት ግን ማጉያው ራሱ ሲነቃ የሚያወጣው ነው። ሌባው ሳሎን ቁጭ ብሎ የውጭ በር ቆልፍ እንደማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ አምፕሊፋየር በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። እንዲህ ዓይነቱ ሲበራ መውጫው ላይ የዚያን ግማሽ፣ 12 ቮልት ገደማ፣ ይዞ ይቆማል። ያ ቮልት ስፒከሩ ውስጥ እንዳይገባ መሃል ላይ ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይደረጋል፤ የእኔው 2200 ማይክሮፋራድ ነው። ሙዚቃውን ያሳልፋል፣ የቆመውን ቮልት ያግዳል። ጥሩ። ግን መብራት ሲመጣ ካፓሲተሩ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ መሙላት አለበት፣ የሚሞላውም በስፒከሩ በኩል ነው። አንድ ቀን የፊት ወንፊቱን አውልቄ ባትሪ አብርቼ አየሁት። ወፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ወደ ፊት አበጥ ብሎ ተመለሰ። በላዩ የተኛው አቧራ ብድግ አለ።

«መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀለው» የሚሉኝም አሉ። ልክ ናቸው። ግን ጨለማ ውስጥ ሻማ ፍለጋ እየተደናበርኩ፣ ልጁ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሶኬት ማን ያስታውሳል? (ስለ መብራቱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ዛሬ አቅም የለኝም።)

ጣፎ ወርጄ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ሰውየው ሳይከፍተው «ስፒከርህ ሞቷል፣ አዲስ አለኝ» አለ። የሞተ ነገር እንዲህ ይጮሃል? ትቼው ወጣሁ። ሁለተኛው ከፈተውና «ሪሌ ነው የሚያስፈልገው» ሲለኝ ልስመው ነበር። ልክ ነዋ! ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ስፒከሩን ለሦስት ሰከንድ ያህል ለይቶ ያቆየዋል፣ ማጉያው ሲረጋጋ ቀጭ ብሎ ያገናኘዋል። ደህና ደህና አምፕሊፋየሮች ላይ ከፋብሪካው ነው የሚመጣው። ስታበራቸው ትንሽ ቆይተው ቀጭ የሚሉት ለዚህ ነው። ከፈልኩ፣ ተገጠመ፣ ተሸክሜ ፎቅ ወጣሁ፣ ሰካሁት። አንድ... ሁለት... ሦስት... ቀጭ።

ዱም!

ያውም ከበፊቱ የባሰ። በቀጠሮ የሚጮህ አምፕሊፋየር ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ተመልሼ ስሄድ «ይለምዳል» አለኝ። ማን ነው የሚለምደው? እኔ ወይስ ስፒከሩ?

ጉዱን የነገረኝ መርካቶ ውስጥ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነው። ካርቶን ቀደደና በእስክሪፕቶ ሳለልኝ። «ብራዘር፣ ካፓሲተሩ በምን በኩል ይሙላ?» አለኝ። ገባኝ። ሪሌው ስፒከሩን ሲለየው ካፓሲተሩም መሙያ መንገድ ያጣል። ሦስቱን ሰከንድ ባዶውን ይቆያል። ሪሌው ቀጭ ብሎ ሲያገናኘው 12ቱም ቮልት በአንዴ ስፒከሩ ላይ ይወርዳል። በፊት እንኳ ትንሽ በትንሽ ነበር የሚገፋው። መፍትሔው አንድ 220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ)። ከካፓሲተሩ ቀጥሎ፣ ከሪሌው በፊት፣ ወደ ግራውንድ (ወደ ኔጌቲቩ መስመር)። ካፓሲተሩ በዚያ በኩል በግማሽ ሰከንድ አብዛኛውን ይሞላል፣ በሦስት ሰከንድ ጨርሶ ይጠብቃል። አንድ ዋት የሚችል ይሁን አለኝ፣ እንዳይግል። ዋጋው? ከአንድ ስኒ ቡና በታች! ሪሌ ገጥሞ ያስከፈለኝ ባለሙያ ይህቺን ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ ነው እጁን የሰበሰበው? አምርቶ የሸጠውስ? ለዚህች ተብሎ ነው ስንት ሌሊት ልጄ እያለቀሰ ያደረው?

ራሴ በየድኩት። ብየዳዬ አያምርም፣ ግን ይዟል። ትናንት ሌሊት መብራት መጣ። ፍሪጁ አጉረመረመ። ቀጭ። አለቀ። ልጁ አልተገላበጠም እንኳ።

ጠዋት ደረቴን ነፍቼ ስወርድ እማማ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ምስጋና ነው ብዬ ፈገግ አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ሌሊት መብራት መጥቶ ነበር እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ አልሰሙም አይደል?»

«ምኑን ልስማ! ያንተን ድምፅ ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝ። ሊጤ ኮመጠጠ እኮ!»