«ሆዳም» አትበሏት

ጥር ላይ ደሴ ሰርግ ነበረብን። የአክስቴ ልጅ ሳህኗን ይዛ ሁለተኛ እንጀራ ልታነሳ ስትል፣ አንዲት ዘመዳችን ከማዶ ሆና «አንቺ ሆዳም፣ አይበቃሽም?» አለቻት። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። የአክስቴ ልጅም አብራ ሳቀች። እንጀራውን መለሰችና «ጠግቤያለሁ» ብላ ተቀመጠች። አልጠገበችም። ከጠዋት ጀምሮ ቡና ብቻ ነበር የቀመሰችው። ማታ ላይ ደግሞ እነዚያው ሴቶች ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያሉ ያዟት።

ያልሳቀችው አያቴ ብቻ ነበረች። አያቴ የ77ቱን ድርቅ ያየች ሰው ናት። ከቆቦ በኩል በእግሯ ወጥታ፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው ኮረም መጠለያ ከርማለች። ዛሬም በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ትቋጥራለች። ጓዳዋ ሙሉ ነው፣ ልጆቿ ምንም አላጓደሉባትም። ስንጠይቃት «እኔ እንጃ፣ እጄ ነው የሚቋጥረው» ትላለች።

እኔ የሁለቱ ነገር አንድ ነው እላለሁ። ጉዳዩ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ሳይሆን አንጎላቸው ውስጥ ነው።

ከአንጎል ሥር የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። ሃይፖታላመስ ትባላለች። እዚያ ሁለት ዓይነት የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኤጂአርፒ የሚባሉት «ብላ» ይላሉ። ፖምሲ የሚባሉት «ይበቃል» ይላሉ። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ይልክና «ብላ» ባዮቹን ይቀሰቅሳል። የሰውነት ስብ ደግሞ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሌፕቲን እንደ ጎተራ ጠባቂ ነው፤ እህሉ ምን ያህል እንደቀረ ለአንጎል ይነግራል። ይህን ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1994 ያገኘው በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ነው።

የእነዚህ ሴሎች ጉልበት በአይጦች ላይ ታይቷል። ጥግብ ያለች አይጥ «ብላ» የሚሉት ሴሎቿ በብርሃን ሲቀሰቀሱ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዳልበላች ምግብ ላይ ትወድቃለች። ሴሎቹ ሲጠፉባት ደግሞ ምግብ አጠገቧ ተቀምጦ መብላት ትታ ትመነምናለች። አይጥ ይሉኝታ የላት፣ ስግብግብነት የላት።

በሰው ላይ የታየው ይበልጥ ልብ ይነካል። ሰውነታቸው ሌፕቲን መሥራት የማይችል በጣም ጥቂት ልጆች አሉ። እንግሊዝ አገር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ክብደቷ ከ90 ኪሎ አልፎ ነበር። ብትበላ ብትበላ አትጠግብም። የጎደላትን ሆርሞን በመርፌ ሲሰጧት ረሃቧ ረገበ፣ ክብደቷም ወረደ። ያቺን ልጅ ከመርፌው በፊት ስንት ሰው ሆዳም ብሏት ይሆን? አብዛኛው ወፍራም ሰው እርግጥ ሌፕቲን አያንሰውም። እንዲያውም ሞልቶት አንጎሉ መልእክቱን በደንብ አይሰማም። ግን ረሃቡ ያው ረሃብ ነው።

የአያቴ ነገር የገባኝ ደግሞ ስለ ሚኒሶታው ጥናት ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 አሜሪካ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቅደው ለ6 ወር ያህል በግማሽ ሆድ ኖሩ። ከምግብ በቀር ሐሳብ አልነበራቸውም። ሳህን ይልሱ ነበር። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም ሆዳቸው ተወጥሮ «ራበኝ» የሚሉ ነበሩ። እነሱ ረሃቡ የሚያበቃበትን ቀን ያውቁ ነበር። ኮረም የነበረ ሰው ግን አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ሁለት ጊዜ ዳይት ጀምራ ከስታ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ክብደቱ ተመለሰ። «ራሷን መግዛት አቃታት» ተባለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎል ዳይትን ከድርቅ አይለይም። ጎተራው ጎደለ ብሎ ረሃቡን ይጨምራል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበት ይቆጥባል። እሷ ስትታገል የኖረችው ከዚህ ጋር ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ? «ይበቃል» የሚለው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው ሰው፣ ለሌላውም እንደዚያው የሚሰማ ይመስለዋል።

ታዲያ ውፍረት ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት ቤታችን ገብተዋል። ለስላሳው በየሱቁ ነው፣ ዳገቱን በእግር መውጣት ትተን ባጃጅ ላይ ነን። ይህን መቀየር አለብን። ስድብ ግን ማንንም አላከሳም። የአክስቴ ልጅ አንድ ጤና ተቋም ሄዳ የሰጧት ምክር «አፍሽን ያዢ» ብቻ ነበር። የደም ስኳሯን እንኳን የለካላት የለም። ሴማግሉታይድ የሚባለው አዲሱ መርፌ አንጎል ላይ ሠርቶ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስ ዛሬ ይታወቃል። ጠባይ ቢሆን ኖሮ በመርፌ ባልተቀየረ።

በአማርኛ ሆዳም ማለት ደግሞ በላተኛ ብቻ አይደለም። ለሆዱ ሲል ወገኑን የሚሸጥ ሰው ነው። ሁለተኛ እንጀራ ላነሳች ልጅ ይህ ቃል ይገባታል? ያውም ወሎ ውስጥ፣ ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አይተን?

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰርግ አለብን። የአክስቴ ልጅ አልመጣም ብላለች። ደውዬ «አብሽሪ፣ ከአያቴና ከእኔ መሃል ትቀመጫለሽ» ብያታለሁ። እስካሁን እሺ አላለችም።