ይድረስ ለመጨረሻዋ ባዶ ወንበር

ለክብርት የመጨረሻዋ ባዶ ወንበር
ሚኒባስ ውስጥ፣ ሮዞ፣ ዶሚኒካ (የካሪቢያን ደሴት)

ጉዳዩ፦ ሰው እንዲቀመጥብዎ ስለመለመን

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛማ 14 ሆነን በእርስዎ ምክንያት እየተቀቀልን ነው።

እርስዎ ዘንድ የሚደርስ መንገደኛ ስንቱን አልፎ መሰለዎ! ትኬት ሲቆርጥ ዶሚኒካን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለይቷል፤ ሻንጣው ላይ የዶሚኒካ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ የሆነው «ዲ.ኦ.ኤም» መለጠፉንም አይቷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በማያሚ ከመጣ፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የአሜሪካ ቪዛ አውጥቷል። ከጓዴሎፕ በጀልባ ልሻገር ካለም፣ ደሴቲቱ የፈረንሳይ ብትሆንም ተራው የሸንገን ቪዛ እንደማያስገባ፣ ለባሕር ማዶ ግዛቶቹ የሚያገለግል ሌላ ቪዛ እንደሚያስፈልግ ተምሯል። ዳግላስ ቻርልስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ደግሞ ዋና ከተማዋ ሮዞ ከተራራው ወዲያ ማዶ ናት፤ በታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ። ይህን ሁሉ ችሎ እርስዎ ጣሉት።

የማያውቅ ሰው ሹፌሩን ይወቅሳል። ሹፌሩ ምን ያድርግ? መኪናው የግል፣ ታሪፉ የተቆረጠ፣ የመነሻ ሰዓት የሚባል ነገር የለ። ሞተር ያስነሣል፣ ሁለት ሜትር ወደፊት ይላል፣ ሰው «ተገላገልን» ብሎ ሲደላደል መልሶ ያቆማል። ወያላ ስለሌለ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ብሎ የሚጮኽልዎ እንኳ የለም።

ለፖርትስመዝ በወንዙ ድልድይ፣ ለስኮትስ ሄድ በአሮጌው ገበያ ተገትረው ይጠብቃሉ። ጥበብዎ የሚታየው ግን በሎዳ መሥመር ነው። የመንደሩ ሰው ጠዋት ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ከዚያ በእግር ወደ ፈላው ሐይቅ (ቦይሊንግ ሌክ) የሚሄደው እንግዳ ግን ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል ነው፤ ከአገሬው ጋር ፊት ለፊት ይተላለፋል። ጠዋት ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከየት ይምጣ? እርስዎም ባዶዎን ይንጎማለላሉ። የእግር ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በእርስዎ ጦስ አራት ሰዓት ላይ የጀመረ፣ አሥር ሰዓት ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመለስ፣ ወደ ከተማ የሚወርድ ሚኒባስ ብርቅ ነው። እሑድማ እርስዎም የሉ፣ መኪናውም የለ።

መኪና ተከራይቶ ያመለጠዎትም አልዳነ፤ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ በግራ በኩል እየነዳ፣ በየኩርባው ክላክስ እያደረገ ነው።

አንድ መላ ተገኝቶ ነበር፤ የእርስዎንም ሒሳብ መክፈል። ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ስለሚመነዘር ብዙም አይጎዳም፤ ዝርዝር መያዝ ብቻ ነው። ሹፌሩ ተቀብሎ በደስታ ይነሣል። ድልድዩን ሳይሻገር ግን ዳር የቆሙ አንዲት እናት ያያል፤ ከነዘንቢላቸው አምጥቶ እርስዎ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ከሰላምታ ጋር
14ቱ ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ከኋላ ሰው በወረደ ቁጥር ለምትነሣው ለታጣፊዋ ወንበር