ደፋችንን ካባ እናልብስ

ሰኔ ግም ሲል የባሕር ዳር ሰው ሁለት ነገር ያዘጋጃል። ጃንጥላና ሲሚንቶ። ጃንጥላው ለራሱ ነው፤ ሲሚንቶው ለበሩ ደፍ።

ይህን ልማዳችንን የሚያመሰግን ሰው እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ነውር ነው። እኛ እኮ ደፍ ሲበሰብስ ዝም ብለን የምናይ ሰዎች አይደለንም። እናለብሰዋለን! መጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን። ለእንቁጣጣሽ ቀለም ይደረብለታል። ቀለሙ ሲላጥ ቆርቆሮ ይመታበታል፣ ቆርቆሮው ሲዝግ ደግሞ ያው ሲሚንቶ ይለሰንበትና ከላዩ ጆንያ ይነጠፍለታል። እንዲህ የተከበረ እንጨት የት አገር አለ? ሙሽራ እንኳ ካባ የምትደርበው ለአንድ ቀን ነው።

ውሃም አንነፍገውም። ደፍ የሚለው ስሙ ራሱ «ድፉብኝ» ያለ ይመስል፣ የሳህኑም የልብሱም እጣቢ ከበር ሳይወጣ እዚያው ቸለስ ነው። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቦይ ላይ የሚደፋ ጎረቤት ካያችሁ ጠርጥሩት።

ጣሪያውም የድርሻውን ይወጣል። የባሕር ዳር ዝናብ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው በክረምቱ ነው የሚወርደው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት አንድ ሊትር ነው። ወደ በሩ የሚያጋድለው የጣሪያ ክንፍ 20 ካሬ ቢሆን በዓመት 28,000 ሊትር፣ ማለት 140 በርሜል ውሃ በራችሁ ላይ ይወርዳል። አሸንዳ ብትሰቅሉ ይህ ሁሉ በረከት ሌላ ቦታ ሊሄድ ነው። ስለዚህ አንሰቅልም። ቆርቆሮውንም ከግድግዳው ስንዝር ያህል ብቻ እናስወጣዋለን፤ ጠብታው እንዳይስተን።

የዘጌ አባቶች ግን ምን ዓይነት አባካኞች ነበሩ! ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ያውቃል። ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ ዙሪያውን በረንዳ ይሸፍናል። ዝናብ ሲመጣ የሚፈሰው ከበሮቹ ርቆ ነው። ምስኪን በሮች! ዘመናቸውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጎ ዶፍ አልመታቸውም።

እኔም ከልማዱ ወደኋላ አላልኩም። ሽምብጥ ያለው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ደፉ ዋንዛ። አራት ክረምት በተከታታይ ሲሚንቶ ለስኜለታለሁ። ዘንድሮ በሩ አልዘጋ ሲለኝ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጠራሁ። ሰውዬው መጋዝም አላወጡም። ከኪሳቸው የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው ከመቃኑ ሥር ወጋ አደረጉት። ቁልፉ እስከ ቀለበቱ ገባ።

«ልጄ፣ ይኼን ማን ገነዘው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ጥሩ ገንዘኸዋል።»

አራቱ ካባዎች ሲነሱ የዋንዛው ደፍ እንደ ረጠበ ዳቦ በእጅ የሚቆረስ ሆኗል። ምስጦችም ነበሩ፤ ሳይጠሩ የመጡ እንግዶች። አናጢው ነገሩን ሲያስረዱኝ በጣም አፈርኩላቸው፣ ይህን ሁሉ ድካሜን ቁም ነገር አላሉትም። እንጨት ቢረጥብም ነፋስ ካገኘ ይደርቃል አሉኝ። (በኋላ እንዳነበብኩት፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ የሚያበሰብሰው ፈንገስ አይሠራም።) ሲሚንቶ ግን ከእንጨቱ ጋር አብሮ አያብጥም፣ አብሮ አይኮማተርም። በመሃል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች። ውሃው በእሷ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። በተለይ የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ እንደ ኩራዝ ክር ነው የሚስበው።

ከዚያ ያለ ርህራሄ ሁሉንም ቆፍረው አወጡት። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመሬቱ ስንዝር ከፍ አድርገው ደረደሩ። አዲሱን የወይራ ደፍ ከላዩ ወደ ውጭ ዘመም እንዲል አድርገው ላጉት። ከሆዱ ደግሞ፣ በስተውጭ በኩል፣ ጣት የምታስገባ ቦይ ፈለፈሉለት፤ ጠብታው ወደ ውስጥ ሳይሳብ እዚያ ላይ ተቆርጦ ይወድቃል። የቀረውን ሥራ አሸንዳው ይጨርሰዋል ብለው ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ቀለም የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ ጆንያ የለ። ደፌ ራቁቱን ቀረ።

ሰፈሩ አዘነልኝ። አንዲት ጎረቤታችን እትዬ በሩ ላይ ቆመው ደፉን ደጋግመው ሲያዩት ቆዩ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ብር አጠረህ?»

«አይ እትዬ፣ ይበቃዋል ብለው ነው።»

«እንግዲያ የተረፈ ሲሚንቶ ካለህ ስጠኝ። የኔው መሰንጠቅ ጀምሯል።»

ግማሽ ከረጢት ነበረኝ። ተሸክሜ በራቸው ድረስ አደረስኩላቸው። ደፋቸው ላይ የጠዋቱ የሳህን እጣቢ ገና አልደረቀም ነበር።