አራተኛውን ቅጽ አትደብቁባቸው

አንድ የደብረ ማርቆስ ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ስለ አስማተኛው ልጅ የሚተርከውን የሃሪ ፖተርን ልብ ወለድ ሦስት ቅጾች ጨርሳ አራተኛውን ጀምራለች። «ጨለማው በዛ፤ እዚህ ላይ ላስቁማት ይሆን?» ነው ጥያቄው። አታስቁማት አልኩት። ለእኔ ተከታታዩ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ስጋቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የእንግሊዙ እትም የመጀመሪያው ቅጽ 223 ገጽ ነበር፤ አራተኛው 636 ደርሷል። የከበደው ግን ገጹ ብቻ አይደለም። ቀደም ባሉት ቅጾች ክፋቱ ይመጣል፣ ይከሽፋል፣ ልጆቹም ለክረምት ወደየቤታቸው ይበተናሉ። አራተኛው ላይ ሴድሪክ የሚባል፣ ማንንም ያልበደለ ተማሪ መቃብር ስፍራ ውስጥ ይገደላል። ሲዋጋ እንኳ አይደለም፤ እዚያ ቦታ ስለተገኘ ብቻ ነው። ሃሪ ሬሳውን ይዞ የሟቹ አባት ወዳለበት ይመለሳል። በአምስተኛው ቅጽ ሴድሪክ ከሞት አይነሳም፤ ጭራሽ የአስማተኞቹ ሚኒስቴር ያስገደለው ክፉ አስማተኛ ቮልድሞርት ተመልሷል መባሉን ይክዳል፣ ጋዜጣውም ምስክሩን ልጅ ውሸታም ያደርገዋል። (ይህን ለአገራችን አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም።)

የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ሰባቱን ቅጾች ከ1997 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. እየጠበቁ ነው ያነበቡት። በአሥራ አንድ ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሲጨርስ ሃያ አንድ ሞልቶታል። የዛሬ ልጅ ግን ሰባቱንም በአንድ ማታ ከቴሌግራም ታወርዳለች። ስለዚህ «ትንሽ ቆይተሽ ቀጥዪ» ማለት ያስኬዳል። መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ የጎጃም ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ከጨለማ የተጠበቀው? ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ሰምቶ፣ በቀትር ወንዝ ዳር አትሂድ እየተባለ ነው የሚያድገው። እዚያው ጎጃም፣ እንዶዳም የተወለዱት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው በዛብህ ሊሞት ነው ብሎ ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባ አባት አላውቅም። ልዩነቱ አብሮ መስማቱ ላይ ነው። የምድጃ ዳር ተረት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ እዚያው ማታ ያልቃል፤ ልጁም ከእናቱ ጉያ ይገባል። ወፍራሙ ቅጽ ግን በስልክ ብርሃን ብርድ ልብስ ውስጥ ለብቻ የሚነበብ ነው። ወዳጄ ልጁን ከሚከለክላት የመቃብር ስፍራውን ምዕራፎች እሱም ቢያነብ ይሻላል። ሳታስበው «ሴድሪክ ለምን ሞተ?» ብላ ትጠይቀዋለችና።

ይልቅ የሚያበሳጨኝ የእኛው የልጆች መጽሐፍ ነው። ስስ ነው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ጅቡ ይቀጣል፤ ከሥሩ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ይከተላል። ጎጃም ውስጥ ግን ስንት ታሪክ ተቀምጧል! ከወላጆቹ ተደብቆ የጠፋ የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዲማ ይገሰግሳል። የሚፈራ የኔታ አለ፣ የሣር ጎጆ አለ፣ ደግሞ አብሾ አለ። አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ይጠጣል፤ አንዱን ባለቅኔ ሌላውን እብድ አድርጎ ያስቀራል ሲባል ያልሰማ ጎጃሜ የለም።

ይህን በተከታታይ ቅጽ የሚጽፍልን ደራሲ ቢገኝ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ። በመጀመሪያው ቅጽ ልጁ ከቤት ይጥፋ፤ ቀጥሎ ቅኔ ይቁጠር፤ ከዚያ ይዝረፍ፣ የኔታም ይመርቁት። አራተኛው ላይ አብሾ የጠጣው ጓደኛው ያብድ። አምስተኛው ላይም እንዳይድን።