የፑኖ ሕፃናት ደም ማነስ እንዴት ይለካል?

በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ድህነትንና የምግብ እጥረትን የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያስተዋውቅ አንድ ጽሑፍ በደስታ አንብቤአለሁ፤ ሆኖም ጽሑፉ መቀንጨርንና (ልጅ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አለመድረሱንና) ደም ማነስን እንደ አንድ ችግር ማቅረቡ ትክክል አይመስለኝም። ፔሩ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2008 ከነበረበት 28 በመቶ ገደማ በ2016 ወደ 13 በመቶ አውርዳለች። ለዚህም በ2005 የተጀመረው «ሁንቶስ» የተባለው ፕሮግራም ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው ልጆቻቸውን ለጤና ክትትል እንዲያመጡ በማስገደድ መሆኑ፣ መንግሥትም ለክልሎች የሚመድበውን በጀት ከውጤት ጋር ማያያዙ ብዙ ረድቷል። ደም ማነሱ ግን፣ በተለይ በአንዲስ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፑኖ ክልል፣ በዚያው ልክ አልቀነሰም።

ተማሪዎቹ የደም ምርመራ የሚያደርጉ ከሆነ ልኬቱን በጥንቃቄ እንዲያነቡት አሳስባለሁ። እንደ ፑኖ ባለ በ3,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በኦክስጅን ማነስ ሳቢያ ስለሚጨምር ውጤቱ ለከፍታው ተቀንሶ ተስተካክሎ ይነበባል፤ ማስተካከያው ከልክ ካለፈ ግን ጤነኛ ልጅም ታማሚ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። (እግረ መንገዴን፣ በ3,500 ሜትር ገደማ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደገኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ ስላሳየ፣ አንዱን የማስተካከያ ቀመር ለሁሉም ማዋል አጠራጣሪ ነው።) እናቶች ለልጆቻቸው ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ማዕድን ሽሮፕ በጣዕሙና በሆድ ድርቀት ምክንያት አቋርጠውት እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ይመስለኛል።